የዛሬው ፎቶ ተያይዟል

ናኢማ መስዑድ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች ወይስ አልነበረችም?

ኢንስፔክተር የሺአረግ ይህችን ጥያቄ በማስታወሻዋ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጽፋ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመረችባት። መልሱን መጻፍ ግን አልቻለችም፤ ናኢማ የምትኖረው ብቻዋን ነበርና ሐሙስ ማታ ቤት መግባቷን ያየ ሰው የለም። ማን ታስሮ እንደሚከርም፣ ማን ደረቱን ነፍቶ እንደሚሄድ የሚወስነው ያ አንድ ሰዓት ነበር።

አስከሬኑ የተገኘው በዚያው ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከባህር ዳር ወደ ዘጌ ሲሄዱ የዓሣ አጥማጆችና የታንኳ ሠሪዎች መንደር አለች። ከመንደሯ ፊት ለፊት፣ እምቦጭ አረም እንደ ምንጣፍ በተነጠፈበት ውሃ ውስጥ፣ የሃያ ስድስት ዓመቷ ናኢማ በደረቷ ተንሳፋ ነበር። ከግራ ጆሮዋ በላይ የምት ቁስል አለባት። ሴቶቹ ዳርቻው ላይ ቆመው ይጮኹ ነበር።

"መራመድ ሳትችል የዋኘች ልጅ ናት! ባሕሩ እሷን አይበላም፤ ሰው ነው የበላት!"

አግኝቶ ያወጣት አብዱልሃኪም የሚባል ጎረቤቷ ነው። አምና ሽማግሌ ልኮባት "አይሆንም" ብላዋለች። እግሯ ላይ የተጠመጠመው መረብ ደግሞ የእሱ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ምሽት ታሰረ፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ እስከ ረቡዕ ቀጠሮ ተሰጠበት። ረቡዕ ዕለት ፖሊስ የሚለው ነገር ካላገኘ ይለቀቃል፤ ካገኘ ግን ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል።

ሐኪሙ ውሃው ነገሩን እንዳበላሸባቸው ተናገሩ። "ከሐሙስ አመሻሽ እስከ ዓርብ ረፋድ ባለው ጊዜ ነው የሞተችው። ከዚህ በላይ አጥብቤ ልነግርሽ አልችልም።"

አጥብቦ የነገራት ሌላ ሰው ነው።

*

ሀዲስ ናኢማ የምትሠራበት ፕሮጀክት አስተባባሪ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አርባ ያልሞላው፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው። ፕሮጀክቱ የሐይቁን ከፍታና የእምቦጩን ስፋት ይከታተላል። የናኢማ ሥራ በየማለዳው ዳርቻው ላይ የተተከለውን ቀይና ነጭ የውሃ መለኪያ ፎቶ አንስታ ለአምስት ሰዎች በኢሜይል መላክ ነበር።

"ሐሙስ ማታ ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ አደርኩ" አለ ሀዲስ። "ዓርብ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከአርባ ገበሬ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስም ዝርዝራቸው አለኝ።"

"ከሐሙስ አመሻሽ ጀምሮ ነው የምጠይቅዎት።"

"ሐሙስን ይተዉት። ዓርብ ጠዋት በሕይወት ነበረች። ይኸው።"

ስልኩን አዞረላት። ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ከናኢማ መስዑድ። "ሰላም። የዛሬው ፎቶ ተያይዟል። ናኢማ።" አባሪውን ከፈተችው። መለኪያው ጠራ ባለ ውሃ መሀል ቆሟል፤ ከጀርባው ሦስት የደንገል ታንኳዎች ይንሳፈፋሉ።

"እሷን ያገኘናት እምቦጭ ውስጥ ነው" አለች የሺአረግ። "እዚህ ፎቶ ላይ አንድ ቅጠል አይታይም።"

"ነፋሱ ነው ኢንስፔክተር። ጠዋት የጸዳ ዳርቻ ከሰዓት ይሞላል። እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት፤ ይህን እኔ አልነግርዎትም።"

የሺአረግ ስልኩን መለሰችለት። ዳንግላ ነው የተወለደችው፤ ግን ስድስት ዓመት በረዶ በሚጥልበት ሩቅ ከተማ የኮምፒውተር ወንጀል ምርመራ ስትማር ኖራ የተመለሰችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። "የዚህ አገር ሰው ነሽ" ባሏት ቁጥር በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ የለበሰች ይመስላታል። ስለ ነፋሱ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። የምታውቀው ኢሜይል ነው። ቢሮዋ ተመልሳ መልእክቱን ከላይ እስከ ታች መረመረችው፤ ሰዓቱን ማንም አልነካካውም። ከናኢማ አድራሻ በእውነት ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተላከ ነው።

እንግዲያው ሀዲስ ንጹህ ነው። አብዱልሃኪም ግን ጉድ ፈላበት።

*

"ዓርብ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበርህ?"

"ቤቴ ተኝቼ ነበር።"

"ማን አየህ?"

"ላጤ ነኝ እኮ፤ ላጤ ሲያንኮራፋ ማን ያየዋል?" አለ አብዱልሃኪም። ፈገግ ሊል ሞክሮ ከንፈሩ እንቢ አለው።

"መረብህ እግሯ ላይ ምን ይሠራል?"

"ረቡዕ ጥዬው እምቦጩ ይዞብኝ ሄደ። አረሙ የስንቱን መረብ ወስዷል፤ መንደሩን ጠይቂ። ዓርብም ከሰላት በኋላ የወጣሁት እሱኑ ፍለጋ ነበር። መረቤን አገኘሁ ብዬ ስስብ..." አልጨረሰውም።

"እንቢ ስላለችህ ቂም ይዘህ ነበር?"

"ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። አልዋሽሽም። ከዚያ ስልኬ ተበላሸና ሌላ የሚሠራው ሰው ስለሌለ ወደ እሷው ሄድሁ። ሠራችልኝ። 'ሚስትህ ብሆን በነጻ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ወፍራም ቆሮሶ ታመጣለህ' አለችኝ።" መዳፎቹን ተመለከታቸው። "ወላሂ፣ ዓሣውን ሳላመጣላት ሞተች።"

የሺአረግ ልትወጣ ስትል ጠራት።

"አባቷ፣ አባባ መስዑድ፣ እኔ ነኝ ብለው ያምናሉ?"

"አልጠየቅኋቸውም።"

"ጠይቂልኝ። ፍርድ ቤቱ የፈለገውን ይበል።"

*

ሰኞ ጠዋት ቢሮው በር ላይ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። ሱምያ ናት፤ የናኢማ ታናሽ እህት፣ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ። ስልኳን በሁለት እጇ እንደ ትኩስ ነገር ይዛዋለች።

"እህቴ ዛሬም ጻፈችልኝ" አለች።

ሳጅን ገብረ ክርስቶስ ብዕሩን አስቀመጠ። ከየሺአረግ በሃያ ዓመት የሚበልጥ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ አሁን ግን አልቀለደም። "በስመ አብ" ብሎ አማተበ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ገና ሳትቀበር። እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከተቀበረች በኋላ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት። "ሰላም። የዛሬው ፎቶ ተያይዟል። ናኢማ።" የተያያዘ ነገር ግን አልነበረም። ከስሟ በታች ባዶ ነው።

"ከአምስቱ ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ" አለች ሱምያ። "'አንቺ እንኳ ክፈቺው፤ ሌሎቹ አይከፍቱትም' ትለኝ ነበር። እኔም አልከፍተውም ነበር። ሁልጊዜ ያው መለኪያ፣ ያው ውሃ ነው እያልሁ..." ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "አባቴ እንዳይሰማ። ከሰማ በሕይወት አለች ብሎ ባሕሩ ዳር መጠበቅ ይጀምራል።"

"ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ነይ" አለቻት የሺአረግ።

ገብረ ክርስቶስ ልጅቷን ሸኝቶ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አየ። ወረቀቱን ያስለጠፈችው የሺአረግ ናት፤ በተመለሰች በመጀመሪያው ወር፣ በፊርማዋና በማኅተም። "ከማይታወቅ ሰው በኢሜይል የመጣ አባሪ መክፈት በጥብቅ የተከለከለ ነው።"

"ከሞተ ሰው የመጣስ?" አላት። "እዚህ ላይ አልጻፍሽውም።"

*

ማክሰኞ ሦስቱ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ስልኩ መሀል ላይ ነው። ለአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀረው። ውጭ የታክሲ ረዳት ይጮኻል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ስልኩ እንጨቱ ላይ ተንዘረዘረ። ሱምያ ዓይኗን ጨፈነች።

የሺአረግ የአራቱንም ቀን መልእክት ጎን ለጎን አድርጋ የመጣበትን ሰዓት አየች። አንድ ሰዓት ከሦስት ሰከንድ። አንድ ሰዓት ከሦስት ሰከንድ። አንድ ሰዓት ከሦስት ሰከንድ። አንድ ሰዓት ከሦስት ሰከንድ።

"ይህን ሰው አይደለም የሚልከው" አለች። "ናኢማ ኮድ ጽፋለች። ኮዱ በየጠዋቱ ይነቃል፤ ፎቶ የሚቀመጥበትን የፕሮጀክቱን የጋራ ፎልደር ይከፍታል፤ ያገኘውን ከደብዳቤው ጋር አባሪ አድርጎ ይልክና ፎልደሩን ባዶ ያደርጋል። እሷ ብትተኛም ይልካል።"

"ብትሞትም" አለ ገብረ ክርስቶስ።

ስድስት ዓመት ተምራ፣ ሰዓቱን በአጉሊ መነጽር መርምራ፣ ቁልፉን የነካው የማን ጣት እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

"እንዲያ ከሆነ ሐሙስ ማታ ሞታ ሊሆን ይችላል" አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። "ግን የዓርቡ ደብዳቤ ፎቶ አለው።"

"አንድ ሰው አስቀምጦታል። እሷ ወይም ሌላ።" የሺአረግ ተነሳች። "ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ደብዳቤ ለሀዲስም በየቀኑ ይደርሰዋል። ከሞተች ሴት አራት ቀን ደብዳቤ ሲመጣለት ለምን ለማንም አልተናገረም?"

*

አቶ መስዑድ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው የደንገል እስር ያጠብቁ ነበር። እንግዳ ሲያዩም እጃቸው አልቆመም። የሺአረግ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ በትልቁ የታተመውን ፎቶ ዘረጋችላቸው።

"አላህ ያጽናዎት። ይህን ይዩልኝ እስቲ። ናኢማ ዓርብ ጠዋት ያነሳችው ነው ተብሏል።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው ተመለከቱ።

"ይህ ዓርብ አይደለም ልጄ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ታንኳዎቹ ውሃ ላይ ናቸዋ።" በአገጫቸው ወደ ዋርካው አመለከቱ። "እኛ መንደር ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በፊት ታንኳ ውሃ አይነካም። አባቴም፣ የአባቴም አባት እንዲሁ ነበሩ። ሐሙስ አመሻሽ ሁሉም ይወጣና ዛፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይደገፋል። ደንገሉ ሳምንቱን የጠጣውን ውሃ ያንጠፈጥፋል። ካላደረቅሽው ይበሰብስብሻል። ዓርብ ጠዋት ከዚህ ቆመሽ ብታዪ ባዶ ውሃ ነው የምታዪ።"

"ምናልባት ከሌላ መንደር የመጡ ታንኳዎች..."

"ይችን ታያለሽ?" የመሀለኛዋን ታንኳ በጥፍራቸው ነኩ። "አፍንጫዋ ወደ ቀኝ የዞረ። እኔው ነኝ ያጣመምኋት፤ ልጄ ስቃብኛለች። ከረመዳን በፊት በስብሳ ጥለናታል። ይህ የቆየ ፎቶ ነው።"

የሺአረግ ወረቀቱን አጠፈችው። ለመነሳት ስትል እጃቸው ክንዷን ያዘ።

"አብዱልሃኪም ነው ይላሉ። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ገና አላወቅሁም አባባ።"

"እኔ ስሙን መጥራት አቃተኝ። ልጄን ከውሃ ያወጣልኝ የእሱ እጅ ነው። ያን እጅ ልሳመው ወይስ ልርገመው? ይህን ብቻ ነው የምፈልገው። ቶሎ ንገሪኝ።"

*

ናኢማ ኮዱን የት እንዳስቀመጠችው ሀዲስም አያውቅም ነበር። ሱምያ ግን ታውቃለች። ከመለኪያው አጠገብ የቆርቆሮ ጎጆ አለች፤ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ተሰክቷል። ውስጥ፣ ከአሮጌ መረብ በስተጀርባ፣ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አረንጓዴ መብራቷን ታርገበግባለች። ባለቤቷ ከሞተች በኋላም ሥራዋን አላቋረጠችም።

የሺአረግ ላፕቶፗን አገናኝታ ኮዱን ከፈተችው። ሁለት መቶ የማይሞላ መስመር ነው፤ ንጹህ፣ የሚነበብ። ናኢማ በየመሀሉ ለራሷ በአማርኛ ማስታወሻ ጽፋለች። አባሪው ከሚያያዝበት ቦታ በላይ እንዲህ ይላል፦ "ፎቶ ባይኖርም ደብዳቤው ይሂድ። ዝም ከማለት ይሻላል።"

ያችን መስመር ደግማ አነበበቻት። ከጀርባዋ አንድ ሰው ቆሞ የሚያነብላት መሰላትና ዞረች። መረቡ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ሌላ ማስታወሻ አለ፦ "ፎልደሩ ውስጥ የገባ ፎቶ ሁሉ ቅጂው ይቀመጥ። ማን እንዳስገባውና ሰዓቱም ይመዝገብ።" መዝገቡን ከፈተችው። ሰባት ወር ያህል ነገሩ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ናኢማ ፎቶ ታስገባለች፤ በእምቦጭ የተዋጠ ዳርቻ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ደቂቃ ሲቀረው ሀዲስ በስልኩ ፎልደሩን ከፍቶ የእሷን ያወጣና ጠራ ያለ ውሃ የሚያሳይ የድሮ ፎቶ ያስገባል። ለአምስቱ ሰው በየጠዋቱ የደረሰው፣ ማንም ያልከፈተው፣ የጸዳ ሐይቅ ነው።

የመጨረሻው መስመር ግን ከሌሎቹ ይለያል። የሺአረግ ጣቷን አሳርፋበት ቆየች።

*

"አዎ፣ ቀይሬአለሁ" አለ ሀዲስ። ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ቢሮዋ ውስጥ ውሃ ቀርቦለት አልጠጣም። "ፕሮጀክታችን በአርአያነት ተመርጦ ነበር። ሪፖርቱ ላይ እምቦጩ ቀንሷል ብያለሁ። እኔም በወሩ መጨረሻ ወደ ውጭ ልሄድ ነበር። ጥፋት ነው፤ አምናለሁ። ግን ፎቶ መቀየር ሰው መግደል አይደለም።"

"አይደለም። ሁልጊዜ የሚቀይሩት እሷ ካስገባች በኋላ ነበር፤ አሥራ ሁለት ተኩል ካለፈ በኋላ።"

"አዎ።"

"የዓርቡን ፎቶ ያስገቡት መቼ ነው?"

የሺአረግ ከመዝገቡ የታተመውን ወረቀት ወደ እሱ ገፋችው።

"ሐሙስ ማታ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው፤ ከቁንዝላ። ናኢማ ገና ምንም አላስገባችም። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን ያላደረጉትን አደረጉ። ይንገሩኝ እንግዲህ፤ ዓርብ ጠዋት ፎቶ እንደማታስገባ ሐሙስ ማታ በምን አወቁ?"

ገብረ ክርስቶስ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

"አባሪ ከሌለ ይቆማል ብዬ ነው" አለ ሀዲስ በመጨረሻ። "ፎቶ ካላገኘ አይልክም ብዬ አሰብኩ፤ ዓርብ ጠዋት እንዲልክና በሕይወት ያለች እንድትመስል አስገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣልኝ..." ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "በየቀኑ ሰላም ትለኛለች። አጠፋዋለሁ፤ በማግስቱ ሰላም ትለኛለች።"

"ሐሙስ ምን ሆነ?"

"ዳርቻው ላይ ጠራችኝ፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሰዉ ታንኳውን አውጥቶ ከሄደ በኋላ። ዋናዎቹን ፎቶዎች አስቀምጫለሁ አለችኝ። ራስህ ለአለቆችህ ተናገር፣ ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ አለች። ስልኳን ልቀማት ያዝኳት፤ ገፋችኝ፤ ገፋኋት። ጀልባ ማሰሪያው ብረት ላይ ወደቀች። ጭንቅላቷ... ከዚያ ውሃው ውስጥ ነበረች።"

"መዋኘት ትችላለች። ራሷን ስታለች እንጂ አልሞተችም ነበር።"

"አላወጣኋትም" አለ ሀዲስ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም የሰማው አሁን ገና መሰለ። "ቆሜ አየሁ። አላወጣኋትም።"

የሺአረግ ጻፈች። ከዚያ አንድ የቀራትን ጥያቄ ጠየቀች። "ብቻዋን ከእርስዎ ጋር ለመገናኘት አልፈራችም?"

"ለምን ትፈራለች?" አለ ሀዲስ ቀና ብሎ። "ለፖሊስ ልኬዋለሁ አለችኝ። 'ሁሉንም አያይዤ ከሦስት ሳምንት በፊት ልኬላቸዋለሁ፤ እነሱ ያውቃሉ፤ እኔን ብትነካኝ ይመጡብሃል' አለችኝ። እኔ ደግሞ የምትዋሽ መሰለኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም እኮ።"

*

መዝገብ ክፍል ያለችው ወለተ ሩፋኤል የጣቢያውን ኢሜይል ከፍታ ለየሺአረግ ቦታ ለቀቀችላት። መልእክቱ እዚያው ነበር፤ ስሙ በወፍራም ፊደል፣ ያልተነበበ። ከሃያ ስድስት ቀን በፊት የመጣ ነው። ከናኢማ መስዑድ። "ማስረጃዎቹ ተያይዘዋል።" ከጎኑ ወረቀት የሚያያዝባት የሽቦ ምልክት አለች።

"ይህ ለምን አልተከፈተም?"

ወለተ ሩፋኤል ግራ ተጋብታ አየቻት። "ላኪዋን አናውቃትም። አባሪም አለው።" ከዚያ ድምፏን ዝቅ አደረገች። "እርስዎ ነዎት እኮ የከለከሉን።"

እዚህም ክፍል ግድግዳው ላይ ወረቀቱ ተለጥፏል። ፊርማው ጠመም ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ የሩቅ አገር ትምህርት የሚሸት፣ የራሷ ፊርማ። የሺአረግ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አባሪዎቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች።

*

ረቡዕ ጠዋት አብዱልሃኪም ሲለቀቅ አቶ መስዑድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሽማግሌው የወጣቱን ቀኝ እጅ አነሱና ከፍተው፣ የመረብ ገመድ የቆራረጠውን መዳፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሳሙት።

ኮምፒውተሯ ማስረጃ ናትና መነሳት አለባት። የሺአረግ ራሷ ሄደች፤ ሱምያም አብራት ሄደች።

"ካነሳሽው ነገ ጠዋት አይመጣም አይደል?" አለች ሱምያ።

"አይመጣም።"

"ይሁን።" ልጅቷ ወደ መለኪያው አየች። እምቦጩ እስከ ግማሹ ውጦታል። "ቆይ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።" በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ አረሙን እንዳለ፣ ውሃውን እንዳለ። ፎልደሩ ውስጥ አስገባችና ኮዱን በእጇ እንድታስነሳው የሺአረግን ለመነቻት። አረንጓዴዋ መብራት ፈጠን ፈጠን አለች። የሁለቱም ስልክ በአንድ ላይ ጮኸ፤ የሺአረግ ማክሰኞ ዕለት ስሟን ስድስተኛ አድርጋ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብታ ነበር። "ሰላም። የዛሬው ፎቶ ተያይዟል። ናኢማ።"

የሺአረግ አባሪውን ከፈተችው። ከዚያ ሽቦውን ነቀለችው፤ መብራቱ ጠፋ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋ ቀድማ ገባች። ግድግዳው ላይ ወረቀቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። አንድ ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰከንድ አለፈ። ስልኩ ዝም አለ።

ከሃያ ስምንት ቀን በፊት የመጣውን መልእክት ከፈተችና "መልስ" የሚለውን ተጫነች። ብዙ ጻፈች፤ ሁሉንም አጠፋች። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

"ወይዘሪት ናኢማ፣ አባሪዎቹ ደርሰውናል። ሁሉንም ከፍተን አይተናል። ኢንስፔክተር የሺአረግ።"

ላከችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ገብረ ክርስቶስ በአራት ሰዓት ገብቶ ሲያያት እዚያው ነበረች፤ ስልኩም እዚያው ነበር።